ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የት እንማር? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪዎችና ወላጆች የንጽጽር መመሪያ

በደሴና በኮምቦልቻ የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚወጣበት ሰሞን ከየቤቱ የሚሰማው ጥያቄ «ልጁ ኮምፒውተር የት ይማር?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም እጅግ ሰፊ ስለሆነ መልሱም የዚያኑ ያህል የተበታተነ ይሆናል፤ አንዱ ፖሊ ቴክኒክ ይላል፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ካልተገባ ትምህርት አይባልም ይላል፣ ቨርጂኒያ ወይም ሜሪላንድ ዘመድ ያለው ደግሞ እዚያ ያለውን የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያነሣል። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን አጥብቦ፣ ማኔጅመንት ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ በአጭሩ ኤም አይ ኤስ፣ መማር ለሚፈልግ ሰው የተከፈቱትን መንገዶች ያነጻጽራል።

ከማነጻጸሩ በፊት የሙያውን ምንነት ማወቅ ይገባል፤ ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ተቋም ሲመርጥ ሳይሆን የሚማረውን ሳያውቅ ሲመዘገብ ነውና። ኤም አይ ኤስ በአንድ ድርጅት ውስጥ መረጃ ከየት ተነሥቶ፣ በማን እጅ አልፎ፣ ለማን ውሳኔ እንደሚደርስ የሚያጠናና ያንን ጉዞ በኮምፒውተር ሥርዓት የሚያደራጅ ሙያ ነው። አንድ የመንግሥት ሆስፒታል መድኃኒት ሲገዛ መድኃኒቱ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ከመጋዘን ወጪ ሆኖ ወደ ማከፋፈያ ክፍል ይሄዳል፣ ከዚያ ለታካሚ ይሰጣል፣ ሒሳቡም በፋይናንስ ክፍል ይመዘገባል። መጋዘኑ አንድ ቁጥር፣ ፋርማሲው ሌላ ቁጥር፣ ፋይናንስ ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ሲያቀርቡ ልዩነቱ የተፈጠረው በየትኛው እርምጃ ላይ እንደሆነ ለይቶ የሚያወጣና ዳግመኛ እንዳይፈጠር ሥርዓቱን የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ዳታቤዝ፣ ማለትም በኮምፒውተር የተደራጀ የመረጃ ማኅደር፣ ማወቅ አለበት፤ ሒሳብ አያያዝና የመጋዘን አሠራርም ማወቅ አለበት። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው የችግሩን ግማሽ ብቻ ያያል።

ሙያው በዚህ ዓይነት ከሁለት ወገን፣ ከኮምፒውተርና ከቢዝነስ፣ የተሠራ በመሆኑ፣ ለደሴና ለኮምቦልቻ ተማሪ ከተከፈቱት መንገዶች አንዳቸውም ሁለቱን ወገን በእኩል ሚዛን አይሰጡም፤ ስለዚህ አንድ መንገድ ሲመረጥ መጠየቅ ያለበት የሚጎድለው ወገን የትኛው እንደሆነና ያንን ጉድለት ተማሪው ባለበት ከተማ ማሟላት መቻል አለመቻሉ ነው። የተቋሙን ስምና ዝና ከዚህ በኋላ ማየት ይቻላል።

ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ

ደሴ ውስጥ በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ስም የሚጠራው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ለአካባቢው ወጣት ቅርብ የሆኑ የመንግሥት ተቋማት ናቸው። በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለሚባለው በአሠራር የሚቀርቡትም እነዚህ ናቸው፤ ከቤት ተመላልሶ መማር ይቻላል፣ ክፍያው የቤተሰብን አቅም አይፈታተንም፣ የሥልጠናው ዓላማም በቀጥታ ሥራ ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ፦ የአሜሪካው ኮሌጅ ትምህርት ለባችለር ዲግሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ሆኖ ሊቆጠር ሲችል፣ የእኛ የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 በራሱ የተሟላ የሙያ ሥልጠና እንጂ የዲግሪ ግማሽ አይደለም።

በቴክኒክና ሙያ ሥርዓት ውስጥ ኤም አይ ኤስ በሚል ስም የተከፈተ ሙያ ከመፈለግ ይልቅ ለእሱ የሚቀርቡትን መመልከት ይሻላል። ከኮምፒውተሩ ወገን የድረ ገጽ ልማትና የዳታቤዝ አስተዳደር እንዲሁም የሃርድዌርና የኔትወርክ አገልግሎት ሙያዎች አሉ፤ ከቢዝነሱ ወገን ደግሞ የሒሳብ አያያዝ ሙያ አለ። በጤና ሳይንስ ኮሌጆች የሚሰጠው የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ ሙያም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እንዲያውም በእኔ ግምት ከሁሉም ይልቅ ለኤም አይ ኤስ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ሠልጣኙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያጠናው የአንድን ተቋም መዝገብና ሪፖርት ነውና።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም የትብብር ሥልጠና ነው። በሥርዓቱ መርሕ መሠረት ከሥልጠናው 70 በመቶ ያህሉ በተግባር፣ 30 በመቶው በንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ይጠበቃል፤ ሠልጣኙም ወደ ድርጅት ተልኮ ይሠራል። ኮምቦልቻ ለዚህ የታደለች ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የቢራ ፋብሪካው፣ የብረታ ብረት ፋብሪካው፣ ደረቅ ወደቡና በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ በአንድ ከተማ ውስጥ ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም ግዥ፣ መጋዘን፣ ደመወዝና ሽያጭ ያላቸው፣ ማለትም የኤም አይ ኤስ ሰው ሊያያቸው የሚገቡ ድርጅቶች ናቸው። ሆኖም ትብብር ሥልጠና ላይ የወጣ የኮምፒውተር (አይሲቲ) ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ደብዳቤ መጻፍ፣ ፕሪንተር ማስተካከልና ቫይረስ ማጽዳት ነው። ይህን ለማስቀረት ሠልጣኙ ራሱ፣ ወይም ወላጁ በኮሌጁ የትብብር ሥልጠና አስተባባሪ በኩል፣ ምደባው በመጋዘን ወይም በሒሳብ ክፍል እንዲሆን ቀድሞ ቢጠይቅ ከሌላው ሠልጣኝ ብዙ ርቀት ቀድሞ ይሄዳል።

ሥልጠናው ሲጠናቀቅ የብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው፣ ይከተላል። ምዘናው የጽሑፍና የተግባር ክፍል ሲኖረው፣ ያለ እሱ የኮሌጁ ማስረጃ ብቻውን ለቅጥር የሚኖረው ዋጋ እጅግ ያንሳል። ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ለመሸጋገር የሚጠየቀው መስፈርት በየጊዜው ሲለዋወጥ ቆይቷል፤ «ደረጃ 4 ጨርሼ በኋላ ዲግሪውን እቀጥላለሁ» የሚል ተማሪ በወሬ ሳይሆን በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የወቅቱ መመሪያ ላይ ተመሥርቶ ያቅድ።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ

በአገራችን ከኤም አይ ኤስ ጋር የሚመሳሰለው የዲግሪ ትምህርት በአብዛኛው ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ በሚል ስም ይሰጣል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ትምህርቶች የሚሰጡት በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ሲሆን የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጁ ያለው በደሴ ግቢ ነው። ስለዚህ የኤም አይ ኤስ ሁለቱ ወገኖች በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድና በሐረጎ ቁልቁለት ተለያይተው ይገኛሉ ማለት ነው። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የሚማረው ተማሪ ዳታቤዙን፣ ፕሮግራሚንጉን፣ የሥርዓት ትንተናውንና ንድፉን በደንብ ያገኛል፤ ሒሳብ አያያዝና ማኔጅመንት ግን በአንድ ወይም በሁለት ኮርስ ተነካክተው ያልፋሉ። ደሴ ላይ አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት የሚማረው ደግሞ የተቃራኒው ዕጣ ይደርሰዋል።

ወደዚህ መንገድ ለመግባት የሚያልፉበት በር ጠባብ ነው። ለከፍተኛ ትምህርት ማለፊያው 50 በመቶ ከሆነ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 3.3 በመቶው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶው ብቻ ናቸው ያንን ነጥብ ያገኙት፤ ከዚያ በታች ካሉት የተወሰኑት በሪሚዲያል ፕሮግራም ተምረው ይገባሉ። ሁለተኛው ነጥብ ምደባ ነው። የደሴ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲን መምረጥ ይችላል እንጂ ይደርሰኛል ብሎ እርግጠኛ መሆን አይችልም፤ ትምህርት ክፍልም የሚመረጠው ከመጀመሪያው ዓመት የጋራ ኮርሶች በኋላ በውጤት ውድድር ነው። ኢንፎርሜሽን ሲስተምስን አስቦ የገባ ተማሪ ሌላ ትምህርት ክፍል ሊደርሰው እንደሚችል ከወዲሁ መቀበል አለበት።

ወጪውን በተመለከተ መደበኛ ተማሪ ምግብና መኝታ ያገኛል፣ በወጪ መጋራት ውል መሠረትም ከተመረቀ በኋላ ድርሻውን ይከፍላል። ለድሀ ቤተሰብ ልጅ ይህን የሚስተካከል ዕድል የለም። በሥራ ላይ ላለ ሰው ደግሞ በክፍያ የሚሰጠው የማታና የሳምንት መጨረሻ ትምህርት አለ፤ ደሴ እየኖሩ ኮምቦልቻ ለሚማሩ ግን ከሥራ በኋላ በሚኒባስ ወርዶ በማታ ሐረጎን መልሶ መውጣት፣ በተለይ ጉም በሚወርድበት በክረምት፣ ትንሽ ድካም እንዳልሆነ አስቀድሞ ማሰብ ያሻል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ዩኒቨርሲቲውን ጨምሮ የሁለቱ ከተሞች ተቋማት ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶባቸዋል። በመሆኑም በየትኛውም ተቋም ቢሆን ከመመዝገብ በፊት የኮምፒውተር ክፍሉን ገብቶ ማየት ተገቢ ነው፤ በሥራ ላይ ያሉት ኮምፒውተሮች ስንት እንደሆኑ፣ ለአንዱ ስንት ተማሪ እንደሚደርስ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚደረግ ይጠየቅ። ከዚሁ ጋር ደግሞ ያ ዘመን ለዚህ ሙያ ትቶት የሄደ ትምህርት አለ፦ ከአንድ ቢሮ ኮምፒውተር ሲወሰድ ብረቱ በበጀት ይተካል፣ በሌላ ቦታ ቅጂ ያልተቀመጠለት የታካሚ፣ የተማሪ ወይም የግብር ከፋይ መዝገብ ግን በምንም ገንዘብ አይመለስም። የመረጃ ቅጂ አያያዝን የሚያስተምር መምህር ለወሎ ተማሪ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

የግል ኮሌጅ

ስለ ግል ኮሌጆች ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛው ፈቃድ ነው። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለትምህርት መስኩና ለግቢው ተለይቶ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ለአንድ መስክ የተሰጠ ፈቃድ ለደሴ ቅርንጫፍ አያገለግልም፣ ለአካውንቲንግ የተሰጠውም ለኢንፎርሜሽን ሲስተምስ አይሆንም። ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት መደበኛ ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። አኃዙ ሁሉንም የግል ኮሌጅ በአንድ ዓይን ለመመዘን አይበቃም፤ ነገር ግን ለምዝገባ የሄደ ወላጅ «በዚህ መስክ፣ በዚህ ግቢ፣ ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ስንቱ አለፉ?» ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት ይሰጠዋል። ለዚህ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የሌለው ኮሌጅ መልስ እንደሰጠ ይቆጠራል። የግል ኮሌጅ ጠንካራ ጎኑ የመማሪያ ሰዓቱ ለሠራተኛ የሚመች መሆኑና ተማሪው የሚፈልገውን መስክ ያለ ውጤት ውድድር መምረጡ ነው።

የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

ይህ መንገድ ከወሎ ለብዙዎች የሩቅ ይመስላል፤ ነገር ግን በዲቪ ዕጣ ወይም በቤተሰብ ጥሪ የሚሄዱ፣ ዘመድ አግኝተው በተማሪ ቪዛ የሚሞክሩ ወጣቶች ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም፤ የሚሰሙት ምክር ግን ብዙ ጊዜ የተምታታ ነው። በመሆኑም ጉዳዩን በዝርዝር ማየት ይገባል።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ ሲሆን፣ 60 ክሬዲት (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ያህል የጨረሰ ተማሪ አሶሺየት ዲግሪ ያገኛል። ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በቨርጂኒያ በኩል ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሰዎቹ ኖቫ የሚሉት፣ በሜሪላንድ በኩል ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ይገኛሉ። መግቢያው እንደ እኛ አገር በአንድ ፈተና አይወሰንም፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ይመዘገባል፣ እንግሊዝኛው ካልበቃው መጀመሪያ የእንግሊዝኛ ኮርስ፣ ሒሳቡ ካልበቃው የሒሳብ ማጠናከሪያ ይወስዳል። እዚህ 50 በመቶ ያላመጣ ተማሪ እዚያ የትምህርት በር አይዘጋበትም፤ ይህ ለብዙ ቤተሰብ አስደሳች ዜና ነው።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ከገቡ በኋላ በአሶሺየት ዲግሪው ዓይነት ላይ ነው። ኮሌጆቹ በዋናነት ሁለት ዓይነት አሶሺየት ይሰጣሉ። አንደኛው፣ አሶሺየት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ የሚባለው፣ ወዲያው ወደ ሥራ ለሚገባ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ኔትወርክ፣ የኮምፒውተር ደኅንነትና የተጠቃሚ ድጋፍ በዚህ ሥር ይገኛሉ። ሁለተኛው፣ አሶሺየት ኦፍ ሳይንስ ወይም አሶሺየት ኦፍ አርትስ የሚባለው፣ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወር ሰው የተዘጋጀ ነው። ኤም አይ ኤስ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው በቢዝነስ ትምህርት ቤት ውስጥ ስለሆነ፣ ኤም አይ ኤስ በባችለር ደረጃ ለመማር ያሰበ ሰው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ላይ መመዝገብ ያለበት፣ ስሙ ኮምፒውተር በሚለው መስክ ሳይሆን ለዝውውር በሚያዘጋጀው ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን ነው። በዚያም ሁለት የአካውንቲንግ ኮርስ፣ ማይክሮና ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ለቢዝነስ የሚሆን ካልኩለስና አንድ የመግቢያ የኮምፒውተር ኮርስ ይወስዳል። ይህን ሳያውቅ የኔትወርክ አሶሺየት ጨርሶ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ደጃፍ የደረሰ ተማሪ ከወሰዳቸው ኮርሶች ብዙዎቹ እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ይቆጠሩለታል ወይም ጨርሶ አይቆጠሩለትም፤ አካውንቲንጉንና ካልኩለሱን ከመጀመሪያው ይጀምራል። «ኮምፒውተር ተማር» ብለው ያስመዘገቡት የአክስት ልጆች ቸርነት አይጎድላቸውም፣ ይህን ልዩነት ግን ብዙ ጊዜ አያነሡትም።

ለዝውውር የተዘጋጀውን መንገድ በትክክል የያዘ ተማሪ ጥቅሙ ከፍተኛ ነው። የቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተወሰነ ውጤት ላመጣ ተማሪ ቅበላን የሚያረጋግጥ ስምምነት አላቸው፤ ኖቫ ደግሞ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 የጀመረው አድቫንስ የተባለ የጋራ መርሐ ግብር አለው፤ ተማሪው ገና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳለ የትኛው ኮርስ ለየትኛው ዲግሪ እንደሚቆጠር ተነግሮት ይጓዛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በአነስተኛ ክፍያ ተምሮ፣ በመጨረሻ የሚይዘው የዩኒቨርሲቲውን ዲግሪ ነው።

ወጪውና መብቱ እንደ አመጣጡ ይለያያል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ ግሪን ካርድ ይዞ የሄደ ሰው ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከት ይችላል፣ በቨርጂኒያ አንድ ዓመት ነዋሪነቱን ሲያረጋግጥም በነዋሪ ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሰው የመጀመሪያውን ዓመት በሥራና በእንግሊዝኛ ማሻሻያ አሳልፎ ከዚያ ሙሉ ትምህርት ቢጀምር ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል። በተማሪ ቪዛ የሚሄድ ግን የሚከፍለው የነዋሪውን እጥፍ ገደማ ነው፣ የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም፣ ቪዛውን ለማግኘት ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ ማሳየት አለበት፣ በየሴሚስተሩ 12 ክሬዲት መውሰድ ይጠበቅበታል፣ በመጀመሪያው የትምህርት ዓመት ከግቢ ውጭ መሥራት አይፈቀድለትም፣ በግቢ ውስጥም ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም። «እዚያ ሄዶ እየሠራ ይማራል» የሚለው አባባል ለግሪን ካርድ ባለቤት እውነት ነው፤ ለተማሪ ቪዛ ባለቤት ግን አይሠራም፣ ቤተሰብንም ከባድ ዕዳ ውስጥ ያስገባል። ከምረቃ በኋላ የሚፈቀደው የአንድ ዓመት የሙያ ልምምድ ለአሶሺየትም አለ፤ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች የሚጨመረው የሁለት ዓመት ማራዘሚያ ግን ባችለርና ከዚያ በላይ ላላቸው ብቻ ነው፣ ሁሉም የኤም አይ ኤስ ፕሮግራም ደግሞ በዚያ የመስኮች ዝርዝር ውስጥ አይመደብም፤ ዩኒቨርሲቲ ከመምረጥ በፊት ይህ ይጠየቅ።

የጎደለውን ወገን እዚሁ መሙላት

ከኮምፒውተር ወገን ለመጣ ተማሪ ሒሳብ አያያዝን መማር የሚያስፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። መሠረታዊ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ በዕዳና በሀብት ጀምሮ እስከ ወር መዝጊያ ማንበብ፣ ከዚያም ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ላይ የአንድን ትንሽ ድርጅት የአንድ ወር ሥራ መመዝገብ በቂ መነሻ ነው። ከቢዝነስ ወገን ለመጣው ደግሞ ኤክሴልን ከልብ መማርና ከዳታቤዝ መረጃ ማውጫ ቋንቋ ወደሆነው ኤስኪውኤል መሻገር ይቀድማል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነፃ የሚሰጣቸው የዳታ ሳይንስና የፕሮግራሚንግ ኮርሶች ለዚህ ወገን መልካም ድጋፍ ናቸው፤ ምስክር ወረቀታቸው ግን ዲግሪን ወይም ሲኦሲን አይተካም።

ከሁሉም የሚበልጠው ልምምድ በሰኞ ገበያ ወይም በፒያሳ ካለ የዘመድ ሱቅ ሊጀመር ይችላል። የአንድ የጅምላ ነጋዴን የዱቤ መዝገብ ወስዶ ደንበኛ፣ ዕቃ፣ ሽያጭና ክፍያ የሚሉ አራት ሠንጠረዦች ላይ ማስገባት ቀላል ሥራ ይመስላል። ሥራው ሲጀመር ግን ከውጭ በመጣ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኙ ችግሮች ይወጣሉ። ሐሰን የሚባል ደንበኛ በአንድ ገጽ ላይ በሐመሩ ሐ፣ በሌላው በሃሌታው ሀ፣ በሦስተኛው በራብዑ ሃ ተጽፎ ይገኛል፤ ለነጋዴው አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት ሰው ነው፣ ዕዳውም በሦስት ስም ተከፋፍሎ ይመዘገባል። የውጭ ሶፍትዌር የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ የእኛ ሰው ግን የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ስለሆነ በአባት ስም የተደረደረ ዝርዝር ማንንም በቶሎ ለማግኘት አይረዳም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ሲያልቅ፣ ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜን ጨምሮ 13 ወር አለው፤ በጃንዋሪ የሚጀምርና 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ፕሮግራም ወርኃዊ ሪፖርቱን ያዛባዋል። እነዚህን ችግሮች በአንድ ሱቅ መዝገብ ላይ የፈታ ተማሪ፣ በሆስፒታል የታካሚ ካርድ ላይ ወይም በባንክ የደንበኛ መዝገብ ላይ ተመሳሳዩን ሲያገኝ አዲስ አይሆንበትም። ለቅጥር ፈተና ሲቀርብም «ምን ሠርተሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ የሚያሳየው ሥራ ይኖረዋል፤ የኮርስ ስም ከመዘርዘር ይህ ይሻላል።

ማን የትኛውን ይምረጥ?

50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ፣ በተለይ ቤተሰቡ የትምህርት ወጪ መሸፈን የማይችል ከሆነ፣ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲውን ዕድል አያሳልፈው፤ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ቢደርሰው ሒሳብ አያያዙን፣ አካውንቲንግ ቢደርሰው ዳታቤዙን በግሉ ይጨምርበት። በቅጥር ማስታወቂያዎች ላይ ኤም አይ ኤስ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና ኮምፒውተር ሳይንስ አንድ ላይ መጠራታቸው የተለመደ ስለሆነ የትምህርት ክፍሉ ስም ትንሽ ቢለይ ብዙ አያሳስብም። ውጤቱ ያልደረሰ፣ ቶሎ ገቢ የሚያስፈልገውና ኮምቦልቻ አካባቢ የሚኖር ልጅ ፖሊ ቴክኒክ ገብቶ በፋብሪካ መጋዘን ቢሠለጥን፣ ከማይታወቅ የግል ኮሌጅ ዲግሪ ይልቅ የተሻለ ቦታ ላይ ይገኛል የሚል እምነት አለኝ። ፋብሪካ ወይም ባንክ ውስጥ ለሚሠራና ለዕድገት ዲግሪ ለሚፈልግ ሰው ግን የማታ ትምህርት፣ የመንግሥትም ይሁን ፈቃዱ የተጣራ የግል፣ ትክክለኛው ነው፤ ለእሱ የሚጎድለው ልምምድ ሳይሆን ወረቀቱና ንድፈ ሐሳቡ ነውና።

የዲቪ ዕጣ የወጣለት ወይም የቤተሰብ ጥሪ የሚጠብቅ ወጣት «እስከዚያው እዚህ ምን ልማር?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ከሌሎቹ ይለያል። ሂደቱ ሊዘገይ ስለሚችል እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ከሆነ የጀመረውን ይቀጥል፣ የወሰዳቸው የሒሳብ፣ የኢኮኖሚክስና የአካውንቲንግ ኮርሶች እዚያ ሊቆጠሩለት ይችላሉና። የቴክኒክና ሙያ ደረጃዎች ግን ወደ ክሬዲት የመለወጥ ዕድላቸው አነስተኛ ነው፤ ጥቅማቸው እዚያ ሥራ ለማግኘትና ኮርሱን ለማቅለል ነው። ከመሄዱ በፊት የትምህርት ውጤቱን ዝርዝር በታሸገ ኤንቬሎፕ ከአንድ ቅጂ በላይ ያስወጣ፣ የወሰዳቸውን ኮርሶች ይዘት የሚገልጸውን የኮርስ መግለጫም ከትምህርት ክፍሉ ማኅተም አስደርጎ ይያዝ። በአሜሪካ ያሉ የማስረጃ ገምጋሚ ድርጅቶች ውጤቱን በቀጥታ ከተቋሙ እንዲላክላቸው ስለሚጠይቁ፣ ከሬጅስትራር ቢሮ ይህን ተከታትሎ የሚያስልክለት አንድ ታማኝ ዘመድ ወይም ጓደኛ በውክልና ደሴ ላይ ትቶ ቢሄድ ይመረጣል፤ ውክልናውንም ሻንጣ ከመሸከፉ በፊት ሰነድ የማረጋገጥ ሥልጣን ባለው ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ።